ለልጄ፦ ስለ ውጤትሽና ስለ ማለፊያው ነጥብ

መሐል ሜዳ፣ ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤ ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደኅና ነን። እናትሽ ናፍቆቷን እንድገልጽልሽ አደራ ብላኛለች።

ደብረ ብርሃን አክስትሽ ዘንድ ሆነሽ በላክሽልን መልእክት፣ «የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናው ለሁላችንም ከከበደ ለምን ስኬል አይደረግም (ለሁሉም ነጥብ አይጨመርም)? 12 ነጥብ ቢጨመርልኝ አልፍ አልነበረም ወይ?» ብለሽ ጠይቀሻል። ጥያቄሽ ተገቢ ነው፤ ሒሳብ አስተማሪም ስለሆንሁ በስልክ አለባብሼ ከማልፈው በጽሑፍ ላስረዳሽ ወደድሁ።

ውጤትሽን ደጋግሜ አይቼዋለሁ፦ እንግሊዝኛ 47፣ ሒሳብ 38፣ አፕቲትዩድ 61፣ ፊዚክስ 44፣ ኬሚስትሪ 49፣ ባዮሎጂ 49፣ በድምሩ ከ600 288። ለሁሉም ተፈታኝ 12 ነጥብ ቢጨመር በእርግጥ የማለፊያውን 300 ትሞያለሽ። ነገር ግን ከአንቺ በላይ ያሉትም በዚያው ልክ ከፍ ስለሚሉ፣ የዩኒቨርሲቲ ምደባ ሲደርስ ተራሽ ፈቀቅ አይልም። ነጥብ በጅምላ መጨመር ቅደም ተከተልን አይነካምና።

ከዚህ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ የማለፊያው መስመር ነው። ፈተናው ለ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ወደ ዩኒቨርሲቲ በቀጥታ የሚገቡት 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ብቻ ናቸው። ያን መስመር ያለፉት በመጀመሪያው ዓመት 3.3 ከመቶ፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 ከመቶ ነበሩ። ታዲያ ተማሪው እየጎበዘ ነው ወይስ ፈተናው እየቀለለ? ቁጥሩ ብቻውን አይመልስልንም። የሁለት ዓመት ፈተናዎችን ክብደት ለማመዛዘን በሁለቱም ውስጥ የጋራ ጥያቄዎች ሊኖሩ ይገባል፤ የዘንድሮው ተፈታኝ እነዚያን ጥያቄዎች ከአምናው በተሻለ ከመለሰ ለውጡ የተማሪው ነው፤ በእነርሱ እኩል ሆኖ በቀሩት ከተሻለ ግን የቀለለው ፈተናው ነው። የአንድ ዓመት 50 ከሌላው ዓመት 50 ጋር እኩል ነው ለማለት የሚቻለው ውጤቱ በዚህ መንገድ ከተመጣጠነ በኋላ ነው። ስኬል የሚለው ቃል በዚህ ትርጉሙ ከሆነ እኔም ከአንቺ ጋር ሆኜ እጠይቃለሁ።

ብዙ ሰው ልብ የማይለው ሌላም ጉዳይ አለ፤ ለአንቺ ደግሞ ይበልጥ የሚቀርበው ይህ ይመስለኛል። ስድስቱም ትምህርቶች ከመቶ ስለሚታረሙ እኩል ክብደት ያላቸው ይመስላል፤ በድምሩ ውስጥ ግን እኩል አይመዝኑም። ለምሳሌ ያህል የፊዚክስ አማካይ 30፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑም (ውጤቶች ከአማካዩ በተለምዶ የሚርቁበት መጠን) 8 ነው እንበል፤ የባዮሎጂ አማካይ ደግሞ 45፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ 15 ይሁን። አንዷ ተማሪ በፊዚክስ 46፣ በባዮሎጂ 45 አመጣች። ሌላዋ በፊዚክስ 30፣ በባዮሎጂ 75 አመጣች። ሁለቱም በአንዱ ትምህርት አማካዩ ላይ ናቸው፤ በሌላው ደግሞ ከአማካዩ በሁለት ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ይበልጣሉ። ከእኩዮቻቸው አንጻር ያላቸው ብልጫ አንድ ነው። ጥሬው ነጥብ ሲደመር ግን የመጀመሪያዋ 91፣ ሁለተኛዋ 105 ሆኑ። 14 ነጥብ የተፈጠረው ከጉብዝና ልዩነት ሳይሆን፣ ውጤቱ የተራራቀበት ትምህርት ድምሩን ስለሚጎትተው ነው። እያንዳንዱ ትምህርት በቅድሚያ ወደ አንድ ዓይነት መለኪያ ተለውጦ ከዚያ ቢደመር ኖሮ ሁለቱ እኩል በሆኑ ነበር። በከባድ ትምህርት የለፋ ልጅ ልፋቱ የሚታይለት እንዲህ ሲሆን ነው ብዬ አምናለሁ። አንቺም ፊዚክስ ላይ ሌሊቱን ስትታገይ ያየሁሽ አባትሽ ስለሆንሁ ነገሩ ይቆረቁረኛል።

ይሁንና ማስተካከል ሁሉ መልካም ነው ብለሽ እንዳታስቢ። በ2012 ዓ.ም. ክረምት እንግሊዝ አገር በኮሮና ምክንያት ፈተና ሲቀር፣ መምህራን የገመቱትን ውጤት በየትምህርት ቤቱ ያለፉ ዓመታት ውጤት የሚያስተካክል ቀመር ወጥቶ ነበር። ኤ-ሌቭል ከሚባለው የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ውጤቶች 40 ከመቶ ገደማ ከመምህራኑ ግምት ዝቅ ተደረጉ፤ ተማሪዎች አደባባይ ወጡ፤ መንግሥትም በቀናት ውስጥ ቀመሩን ተወው። እንዲህ ያለ ቀመር በእኛ ቢሠራ ከእኛ ከመንዝ ትምህርት ቤት የወጣች ልጅ የምትለካው ቀደም ሲል እዚያ በተማሩት ውጤት እንጂ በራሷ አይሆንም። ስለዚህ ሁሉም አንድ ፈተና ተፈትኖ በአንድ መልክ መታረሙን አቅልለሽ አትይው።

እኔ በተፈተንሁበት ዘመን የሚደርሰን ፊደል ነበር፤ በሁለት ፊደሎች ድንበር ላይ የወደቀ ሰው በስንት ነጥብ እንደቀረበት እንኳ ሳያውቅ ይቀር ነበር። አንቺ ቢያንስ የት እንደቆምሽ ታውቂያለሽ።

አሁን በፊትሽ ያለው ሪሜዲያል፣ ማለትም የማለፊያውን ነጥብ ላላገኙ በዩኒቨርሲቲ የሚሰጠው የማካካሻ ትምህርት ነው። መቁረጫ ነጥቡ በየዓመቱ በትምህርት ሚኒስቴር ይወሰናል፤ ለሴቶችም ለብቻው ይወጣል፤ 288 ይዘሽ ተስፋ የሚያስቆርጥሽ አላይም። በሪሜዲያል ከመቶው 30 በዩኒቨርሲቲው በሚሰጡ ምዘናዎች፣ 70 ደግሞ ከማዕከል በሚመጣ ፈተና ይያዛል። ከማዕከል የሚመጣው ሚዛኑን የያዘው በየዩኒቨርሲቲው ያለው አስተራረም ስለሚለያይ ይመስለኛል። በመሆኑም ግቢ ውስጥ የምታገኚው ጥሩ ነጥብ እንዳያዘናጋሽ፤ ዋናው ዝግጅትሽ ለማዕከሉ ፈተና ይሁን፤ ከሁሉ በፊት ደግሞ 38 ያመጣሽበትን ሒሳብ ያዢ። የ11ኛና የ12ኛ ክፍል የሒሳብ ደብተሮችሽን፣ እኔ ያዘጋጀኋቸውን ጥያቄዎችም ጨምሬ፣ በቅዳሜው አውቶቡስ እልካለሁ፤ ከመናኸሪያ ተቀበዪ። ምደባው እንደወጣም ሳትዘገዪ ደውዪልን።

አባትሽ