ለአባባ፦ ክኒኑ በሰዓቱ ይምጣ

ይድረስ ለምወድዎት አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ይህን ደብዳቤ እህቴ አጠገብዎ ቁጭ ብላ ቀስ እያለች ታነብልዎታለች። በስልክ ስናወራ ድምፅዎን ለማውጣት ሲታገሉ ይደክምዎታል። ደብዳቤ ግን ቶሎ መልሱልኝ አይልም።

ስለ ክኒንዎ ከነርሷ ጋር ተነጋግሬያለሁ። እርስዎ ባሉበት የአረጋውያን መጦሪያ (ነርሲንግ ሆም) አሠራር መድኃኒት አንድ ሰዓት ቢቀድም ወይም ቢዘገይ እንደ ጥፋት አይቆጠርም። ለደም ግፊት ይሁን እሺ። እርስዎ ላለብዎት ለፓርኪንሰን፣ እንቅስቃሴን ለሚያውከው የአንጎል በሽታ፣ ግን አይሆንም። ክኒንዎ ሌቮዶፓ አንጎል ውስጥ ያነሰውን፣ ለመንቀሳቀስ የሚረዳውን ዶፓሚን የተባለ ንጥረ ነገር ይተካል፤ የሚሠራው ግን ለጥቂት ሰዓት ብቻ ነው። በሽታው በገፋ ቁጥር ያቺም ሰዓት ታጥራለች። ክኒኑ ሲዘገይ እጅዎ ማንኪያ አይጨብጥም፣ ጉሮሮዎም በደንብ አይውጥም። ቁርስ የሚቀርበው ደግሞ ልክ በዚያ ሰዓት ነው! ከዚያ መዝገቡ ላይ "አልበላም አሉ" ተብሎ ይጻፋል። እርስዎ መቼ አልበላም አሉ?

ስለዚህ ሐኪሙ ትክክለኛውን ሰዓት በትእዛዙ ላይ እንዲጽፍ ጠይቄያለሁ። ከምግብ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ እንዲሰጥዎም ነግሬያቸዋለሁ፤ የእንቁላልና የሥጋ ፕሮቲን መድኃኒቱን ይሻማዋል። ሌሊት የሌለ ሰው ታይቶዎት ቢደነግጡም ሃሎፔሪዶል የሚባለው የአእምሮ ማረጋጊያ መድኃኒት እንዳይሰጥዎ ፋይልዎ ላይ በትልቁ ይጻፍ ብያለሁ። ያ መድኃኒት ዶፓሚንን ስለሚያግድ ሰውነትዎን ጭራሽ ያገትረዋል።

አባባ፣ ይሉኝታዎን አውቀዋለሁ። "አስቸገርኳቸው" እያሉ ዝም ይላሉ። አሜሪካ ውስጥ በፈረንጅ 1987 የወጣ ሕግ አለ። ነዋሪው በእንክብካቤ ዕቅዱ ላይ ይሳተፍ፣ ለሠራተኛ ምቾት ተብሎ አልጋ ወይም ወንበር ላይ አይታሰር ይላል። እዚያ እንግዳ አይደሉም። ቤትዎ ነው። በየሦስት ወሩ ዕቅድዎ ሲታይ እህቴ ትገኛለች፣ እኔም በስልክ እገባለሁ። እርስዎም በዊልቸር መጥተው ይቀመጡልን። ስለ እርስዎ እርስዎ በሌሉበት ሲወራ ደስ አይለኝም።

ኑሮ ማለት አለመውደቅና አልጋ ላይ አለመቁሰል ብቻ አይደለም። ሐበሻዋ ረዳት "አባባ" ብላ ስትጠራዎት ፊትዎ እንደሚፈታ እህቴ ነግራኛለች። እሷ በምትገባባቸው ቀናት እንድታጥብዎት ጠይቀናል። እሑድ ጠዋት ቴሌቪዥኑ ጠፍቶ ቅዳሴ ይከፈትልዎታል። ቀጭን ነገር ትን ስለሚልዎት፣ የንግግርና የመዋጥ ባለሙያዋ ውፍረቱን አይታ ከፈቀደች፣ እህቴ ወፈር ያለ አጥሚት ታመጣለች። ቀጥ ብለው ተቀምጠው፣ ትንሽ ትንሽ፣ ሳይቸኩሉ ይውሰዱ።

አንድ ከባድ ነገር ልጠይቅዎት። አንድ ቀን መዋጥ ጨርሶ ቢያቅትዎ በሆድ በኩል የምግብ ቱቦ እናስገባ ይሉን ይሆናል። የመርሳት በሽታ በጣም በገፋ ሰው ላይ ቱቦ ዕድሜ እንደሚያራዝም ወይም ምግብ ወደ ሳንባ እንዳይገባ እንደሚከላከል አልታየም። የአሜሪካ የአረጋውያን ሐኪሞች ማኅበርም በእጅ በጥንቃቄ መመገብን ይመርጣል። እርስዎ ግን ዛሬ ሁሉን ይረዳሉ፤ ፈቃድዎ አሁን ይጻፍ። መልስዎ የትኛውም ቢሆን እኛ ልጆችዎ አንከራከርዎትም። ክኒኑ በደንብ በያዘዎት ሰዓት እህቴ ትጠይቅዎታለች። ቱቦውን ከፈለጉ እጇን አንድ ጊዜ ይጭመቁ፣ ካልፈለጉ ሁለት ጊዜ። ገና አልወሰንኩም ካሉ እጇን ይልቀቁት፤ ሌላ ቀን ትጠይቅዎታለች።

እጅዎን ስሜያለሁ።

ልጅዎ