የፍሪጅ በር ቢከፈት ክፍል አይቀዘቅዝም

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

በሙቀት ወቅት የፍሪጅን በር ከፍቶ መተው ክፍሉን ያቀዘቅዛል በማለት ባለፈው እትማችሁ የቀረበው ምክር ትክክል ባለመሆኑ እንዲታረም እጠይቃለሁ። ፍሪጅ ሥራው ሙቀትን ከውስጥ ወደ ውጭ ማውጣት ነው። በቱቦዎቹ የሚዘዋወረው ፈሳሽ በውስጠኛው ክፍል ሲተን ከምግቡና ከአየሩ ሙቀት ይወስዳል፤ ኮምፕረሰሩ ተኑን ጨምቆ ግፊቱንና ሙቀቱን ከፍ ካደረገው በኋላም፣ ተኑ በጀርባ በኩል ባሉት ቱቦዎች ሲያልፍ የተሸከመውን ሙቀት ለክፍሉ አየር አስረክቦ እንደገና ፈሳሽ ይሆናል። እጁን ወደ ፍሪጁ ጀርባ ያስጠጋ ሰው ሙቀቱ ይሰማዋል (አንዳንዶቹ ቱቦውን በጎን ግድግዳቸው ውስጥ ስለሚደብቁ፣ የጎናቸውን መሞቅ ብልሽት አድርጎ የሚሰጋም አይጠፋም)።

በሩ ሲከፈት እንግዲህ ፍሪጁ ከክፍሉ የወሰደውን ሙቀት እዚያው ክፍል ውስጥ መልሶ ይለቀዋል፤ የሚፈጀው ኤሌክትሪክም በመጨረሻ ወደ ሙቀት ስለሚለወጥ፣ 100 ዋት የሚስብ ፍሪጅ ክፍሉን የሚያሞቀው ልክ እንደ 100 ዋት ማሞቂያ ነው። የቤት አየር ማቀዝቀዣ በዚሁ መርሕ እየሠራ ክፍሉን ማቀዝቀዝ የሚችለው ሙቀቱን የሚያስረክበው ከቤት ውጭ ስለሆነ ብቻ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ