ሽማግሌዎቹ የት አሉ? የፊልም ክበባችን የዘንድሮ ዓመት

መስከረም ላይ አባላቱ ሲመዘገቡ "ዘንድሮ ምን እንይ?" ብዬ ወረቀት አዞርኩ። ከ34 ልጆች 27ቱ የጻፉት አንድ ቃል ነው፤ "ካራቴ"። አንዷ ከሥሩ "ግን አክተሩ የሚበቀልበት ይሁን" ብላ ጨምራለች።

መጀመሪያ ደስ አላለኝም። ጅማ ውስጥ የአማርኛ መምህር ነኝ። የአገራችንን ፊልሞች አይተን ስለ ታሪክ አወቃቀር እንድንወያይ ነበር ያሰብኩት። ግን ይህን ያህል ልጅ አንድ ነገር ሲወድ፣ ለምን እንደወደደው ሳልጠይቅ "አይሆንም" ማለት ከበደኝ። ተስማማን። ሁለት ደንብ አወጣን። ፊልሙን አስቀድሜ እኔ አየዋለሁ። ካየን በኋላ ደግሞ ማንም ሳይናገር ከክፍል አይወጣም።

ሐሙስ ሐሙስ ከ9 ሰዓት ተኩል በኋላ የአይሲቲ ክፍል የእኛ ሆነ። መስኮቱ መጋረጃ ስለሌለው ልጆቹ ከቤት ጋቢ እያመጡ ይሸፍኑት ነበር። መብራት አራት ጊዜ ጠፍቶብናል። በጠፋ ቁጥር ታሪኩን የሚያውቅ ልጅ ተነሥቶ የቀረውን በአፉ ይጨርስልናል፤ ከነድምፁ፣ ከነእርግጫው።

የጀመርነው በብሩስ ሊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣውን "ፊስት ኦፍ ፊውሪ" አየን። ቼን ዠን የሚባል ወጣት ወደ ሻንጋይ ሲመለስ መምህሩ ሞቶ ይደርሳል። መምህሩ ሁዎ ዩዋንጂያ በእውነት የነበረ የኩንግፉ ሰው ነው፤ ያረፈው እ.ኤ.አ. በ1910 ነው። "ተመረዘ" የሚል ወሬ ነበር። ፊልሙ ወሬውን ይዞ ታሪክ ሠራበት። ቼን ዠን ገዳዮቹን ፍለጋ ይወጣል።

አንድ ትዕይንት ላይ ክፍሉ በሙሉ ተነሥቶ አጨበጨበ። ቼን ዠን ወደ መናፈሻ ሊገባ ሲል በሩ ላይ "ውሻና ቻይናዊ መግባት ክልክል ነው" የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል። ዘሎ በእርግጫ ሰሌዳውን ይሰባብረዋል። በዚያ ቀን በውይይቱ መጀመሪያ የተናገረችው ፈረንጅ አራዳ የምትኖር ልጅ ነበረች። "የሰፈሬ ስም ከየት እንደመጣ ዛሬ አሰብኩት" አለች። እኔም በጣሊያን ጊዜ ነጭና ጥቁር ተለያይቶ እንዲኖር በሕግ ታዝዞ እንደነበር ነገርኳቸው። ሰሌዳው ድንገት ከሻንጋይ ወደ ጅማ መጣ።

የፊልሙ መጨረሻ ግን ዝም አሰኛቸው። ቪዲዮ ቤት ያደገ ሁሉ "አክተር አይሞትም" የሚለውን ሕግ ያውቃል። እዚህ አክተሩ መሣሪያ ወደ ደገኑት ወታደሮች እየጮኸ ይዘላል። ምስሉ አየር ላይ ቀጥ ይላል። ተኩስ ይሰማል። በቃ፣ አለቀ።

በዚያ ዝምታ ውስጥ ከሰቃ መስመር የሚመጣ አንድ የ10ኛ ክፍል ልጅ እጁን አወጣ።

"ቲቸር፣ ሽማግሌዎቹ የት አሉ?"

አንዳንዶቹ ሳቁ። እሱ ግን የምሩን ነው። በእነሱ አገር ደም ከፈሰሰ ጃርሳ ቢያ፣ በኦሮምኛ የአገር ሽማግሌዎች ማለት ነው፣ በሁለቱ ወገን መካከል ይገባሉ። ጉማ ይቆረጣል። የገዳይ ወገን ካሳ ይከፍላል። ዕርቁ በሥርዓት ይፈጸማል። አማራውም "ደም ማድረቅ" የሚለው የዚህ ወንድም ነው። ልጁ የገረመው ነገር፣ በዚያ ሁሉ ግድያ መሃል አንድም ሰው "ተዉ" ብሎ ከመሃል አለመግባቱ ነው።

የዓመቱ ሥራችን ከዚህ ጥያቄ ተወለደ ማለት እችላለሁ። በዚያ ፊልም ሻንጋይ ውስጥ ጉልበት የባዕዳኑ ነው። ዳኛ የለም። አቤት የሚባልበት ደጅ የለም። የበቀል ፊልም መጀመሪያ የሚያደርገው ይህን ነው፤ በሮቹን ሁሉ አንድ በአንድ ይዘጋል፤ አክተሩን ከቡጢው ጋር ብቻውን ያስቀረዋል። እኛ ተመልካቾቹ "ምታው!" የምንለው ሌላ በር ስላጣንለት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፊልም ባየን ቁጥር ሰሌዳው ላይ "በሩን ማን ዘጋው?" ብለን እንጽፍ ነበር።

ስለ ብሩስ ሊ አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1940 ሳን ፍራንሲስኮ ተወለደ፤ ያደገው ሆንግ ኮንግ ነው። በ1973 ሲሞት 32 ዓመቱ ነበር። ከዝነኝነቱ በፊት፣ በ1958፣ የሆንግ ኮንግ የቻ ቻ ዳንስ ሻምፒዮን ነበር። ይህን ስናገር የውዝዋዜ ክበብ ልጆች ደስታቸውን አልቻሉትም። ድብድቡን እንደገና ሲያዩ እግሩን ብቻ ነው የተከታተሉት።

ኅዳር ላይ ያየነውን ፊልም እኔም ልጆቹም አልረሳነውም። እ.ኤ.አ. በ1978 የተሠራው "ሠላሳ ስድስተኛው የሻኦሊን ክፍል" ነው። ሳን ቴ የሚባል ተማሪ በማንቹ ወታደሮች ወገኖቹ ያልቁበታል። ኩንግፉ ተምሮ ሊመለስ ወደ ሻኦሊን ገዳም ይሸሻል። ቶሎ መበቀል ስለፈለገ ከሁሉ ከፍ ካለው ክፍል ልጀምር ይላል። ወዲያው ተወርውሮ ይወጣል። ከታች መጀመር ግድ ሆነበት። ወደ ምግብ አዳራሹ ለመግባት ውኃ ላይ የሚንሳፈፍ እንጨት ረግጦ መሻገር አለበት። ይወድቃል። ነገም ይወድቃል። ባልዲ ውኃ ይዞ እጁን ዘርግቶ ሽቅብ ይወጣል፤ ክንዱ ላይ ስለት ታስሯል፤ እጁን ካወረደ ይወጋዋል። የፊልሙን ትልቁን ክፍል የያዘው ይህ ልፋት ነው። ጠላቱ ለረጅም ጊዜ ጭራሽ አይታይም።

ይሰለቻሉ ብዬ ፈርቼ ነበር። አንድም ልጅ አልተነቃነቀም። በየቀኑ ከቦኖ ውኃ በጀሪካን የምትቀዳ ልጅ "ይሄ እኮ እኔ ነኝ" አለች። ስለቱን ማለቷ አይደለም። ማንም ሳያጨበጭብ በየቀኑ መመላለሱን ነው። ፊልሙ ላይ ያ መመላለስ ጉልበት ሆኖ ይወጣል፣ ሁሉም ያየዋል። እሷን የሳባት እሱ ነው።

ደግሞም ሳን ቴ 35ቱን ክፍሎች ከጨረሰ በኋላ የሚጠይቀው አንድ ተጨማሪ ክፍል ነው፤ ተራው ሕዝብ የሚማርበት ሠላሳ ስድስተኛ ክፍል። በቀሉን ይበቀላል፣ ግን ታሪኩ እዚያ አይቆምም። ተመልሶ መምህር ይሆናል። ይህን ትዕይንት ሦስት ጊዜ አየሁት።

በማግሥቱ ችግር ተፈጠረ። ሁለት የ9ኛ ክፍል ልጆች ሜዳ ላይ እርግጫ ሲሞክሩ አንዱ ወድቆ እጁ ወለም አለው። ጥፋቱ የእኔ ነው። እንደሚሞክሩት እያወቅሁ አስቀድሜ አላስጠነቀቅኳቸውም። የልጁ አባት መጡ። ተቆጥተዋል። "መምህር፣ እኔ ልጄን የላክሁት ለትምህርት ነው" አሉኝ። ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ሐሙስ መጥተው አብረውን እንዲያዩም ለመንኳቸው።

መጡ። ከኋላ ተቀመጡ። ውይይቱ ላይ ልጆቹ "አባባ፣ እርስዎስ ካራቴ ይወዱ ነበር?" አሏቸው። ትንሽ ዝም አሉና ተናገሩ። በልጅነታቸው ቪዲዮ ቤት በሃምሳ ሳንቲም ይገቡ ነበር። "አክተሩ መጀመሪያ ላይ ካልተገረፈ ገንዘባችን የተበላ ነበር የሚመስለን" አሉ። ቀጥለው፦ "በብዛት የገባሁት አባቴ በሞተ ዓመት ነው። መሬታችንን ዘመድ ወሰደብን። ማንን እመታለሁ? ልጅ ነኝ። ብሩስ ሊ ይመታልኝ ነበር።"

ልጃቸው ይህን ታሪክ ከዚያ በፊት ሰምቶት አያውቅም። እጁን በፋሻ እንደጠቀለለ አባቱን ያይ ነበር።

"ኪል ቢል"ን ደጋግመው ጠይቀውኛል። አላሳየሁም። ደሙ ለ15 ዓመት ልጅ አይሆንም። አንድ ትዕይንት ግን ነገርኳቸው። ተበቃይዋ ሴት ጠላቷን ገና ትንሽ በሆነች ልጇ ፊት ትገድላታለች። ከዚያ ለሕፃኗ፣ አድገሽ አሁንም ይህ ነገር ካንገበገበሽ እጠብቅሻለሁ ትላታለች። የሰቃው ልጅ ወዲያው "እንግዲያ ፊልሙ አላለቀም ማለት ነው" አለ። ጉማ የሚያስፈልገው ለዚያች ሕፃን ነው አለ። አባባሉን የውይይት መዝገባችን ላይ ጽፈነዋል።

መጋቢት ላይ እ.ኤ.አ. የ1967ቱን "አንድ እጅ ብቻ ያለው ጎራዴኛ" አየን። ዳይሬክተሩ ቻንግ ቼ ነው። የጀግናውን ቀኝ እጅ የምትቆርጠው የገዛ መምህሩ ልጅ ናት። ግማሹ ከተቃጠለ መጽሐፍ በግራ እጁ መዋጋት ይማራል። የያዘው የአባቱን ስባሪ ጎራዴ ነው። ጠላቶቹ ጎራዴ ቆልፎ የሚይዝ መሣሪያ አላቸው፣ ሙሉ ጎራዴ የያዘ ሁሉ ተቆልፎ ይሞታል። እሱ ግን ጎራዴው አጭር ስለሆነ ያመልጣል። ስባሪነቱ አዳነው። ቂም የሚይዝባት እጁን የቆረጠችውን ልጅ ነው ብለን ስንጠብቅ፣ ሄዶ እሷንና አባቷን ያድናል። ከዚያ ጎራዴውን ትቶ ሊያርስ ይሄዳል። ቡና ገበሬ ቤተሰብ ያላቸው ልጆች በዚህ መጨረሻ በጣም ተደሰቱ። ሌሎቹ አልተዋጠላቸውም። አንዱ "የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፣ እንዴት ረሳት?" ብሎ ተከራከረ። እኔ ጀግናው የረሳት አይመስለኝም። እያስታወሰ ነው ያዳናት።

ሚያዝያ ላይ አንድ ገጽ እንዲጽፉ ሰጠኋቸው፤ "ካየናቸው ፊልሞች የወደድኩት ደቂቃ"። 31 ወረቀት ተመለሰ። የመጨረሻውን ድብድብ የመረጡት 6 ብቻ ናቸው። የሚበዙት ስልጠናውን መረጡ። ሌሎቹ ደግሞ ያልጠበቅሁትን መረጡ፤ በደሉ የሚፈጸምበትን መጀመሪያውን። አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ እንዲህ ጻፈች፦ "ሲበድሉት ሁላችንም አየን። ቤት ውስጥ የተበደልኩትን ማንም አላየም። ፊልም ላይ ግን ስንት ሰው ምስክር ነው።"

ወረቀቷን ይዤ ብዙ ቆየሁ። በኋላ ብቻዋን አነጋገርኳት፤ የሚረዳት ሰውም ጋር አገናኘኋት። ስለዚህ ከዚህ በላይ አልጽፍም። ግን እነዚህ ፊልሞች ለምን እንደሚወደዱ ከእሷ የተሻለ ያስረዳኝ ሰው የለም።

ግንቦት ላይ የራሳችንን ፊልም ጀመርን። ድርሰቱን የጻፉት ስድስት ልጆች ናቸው። አንዲት ልጅ አባቷ ጀንፈል፣ ያልተፈለፈለ ደረቅ ቡናውን፣ ለነጋዴ ሲሸጥ ሚዛኑ ሲያጭበረብር ታያለች። ማንም አያምናትም። ካራቴ ትማራለች። በስልክ ነው የቀረጽነው። ስልጠናውን አዌቱ ወንዝ ዳር ሠራነው፤ ጆንያ ተሸክማ ዳገት ትወጣለች፣ ቀበቶዋን የእናቷ መቀነት አደረግነው።

መጨረሻው ላይ ክበቡ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ ነጋዴውን በእርግጫ ትጣለው አለ። ግማሹ ሽማግሌዎች ይምጡና ሚዛኑ በሕዝብ ፊት ይፈተሽ አለ። ሁለት ሐሙስ ተከራከሩ። ድምፅ ስናሰጥ 17 ለ17 ወጣ። እኔን እንድወስን ጠየቁኝ፤ አልወሰንኩም።

ሁለቱንም እንቅረጽ ተባለ። እርግጫውን ቀረጽን። የሽማግሌዎቹን ቀን አያቶቻቸውን ይዘው መጡ። አራት ሽማግሌ ጋቢያቸውን ለብሰው በጅማ በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ተዋናይዋ ሚዛኑ ፊት ቆመች። ካሜራው በርቷል። አንዱ አያት ድርሰቱ ላይ የሌለ ነገር ተናገሩ። "ልጄ፣ ያየሽውን ንገሪን፤ እንሰማሻለን" አሏት። ልጅቷ የተጠናውን ቃል ረሳችና በራሷ ቃል መናገር ጀመረች። ወዲያው ዝናቡ ወረደ። ስልኩን ጋቢ ውስጥ ሸሸግነው። የቀረውን ትዕይንት በመስከረም እንቀርጻለን፤ ሽማግሌዎቹም እንደሚመጡ ቃል ገብተውልናል።