ለአባዬ፦ ሦስት ከተማ ይበቃናል

ይድረስ ለውድ አባቴ፣ ጅማ

እንደምን ሰነበትክ? ጉልበትህስ እንዴት ነው? የታዘዘልህን ቅባት እየተቀባህ ነው ወይስ እንደ ድሮው መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል? እማዬስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሥራ አለ፣ ብርድ አለ፣ ሌላ አዲስ ነገር የለም።

ይህን በስልክ ልነግርህ ነበር። ግን ስንደዋወል ወይ ኔትወርኩ ይቆራረጣል፣ ወይ አንተ «በቃ ሂሳብ ይቆጥርብሻል» ብለህ ትዘጋዋለህ። ስለዚህ ጻፍኩት። እህቴ አትማ ትስጥህ። መነጽርህን አድርገህ ቀስ ብለህ አንብበው፣ ያልገባህን አስምርበት።

የላክልኝ ዝርዝር ደርሶኛል። ሮም፣ ናፖሊ፣ ፒሳ፣ ፍሎረንስ፣ ቬኒስ፣ ሚላኖ። ከሥር ደግሞ «ስዊዘርላንድም እዚያው ቅርብ ናት አሉ» ብለሃል። ማን እንዳለህ አውቃለሁ። ወዳጅህ ልጁ ጋ ሄዶ በአንድ ጉዞ ይህን ሁሉ አገር አየሁ ሲል እኔም ሰምቻለሁ። እስቲ ቬኒስ ምን ትመስላለች ብለህ ጠይቀው። «ሕዝቡ ብዙ ነው» ነው የሚልህ። እኔ የጠየቅኩት ጊዜ ያለኝ እሱን ነው።

አባዬ፣ ከተማ በቀየርን ቁጥር ቢያንስ ግማሽ ቀን ይበላብናል። ባቡሩ ራሱ ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል ቢፈጅ ነው። ግን ጠዋት ሻንጣ መሸከፍ አለ፣ ከሆቴል መውጣት አለ፣ ጣቢያ ቀድሞ መድረስ አለ። ስንደርስ ደግሞ አዲሱ ሆቴል ክፍሉን ከቀትር በኋላ ካልሆነ አይሰጥም። ሰባት ቦታ ከሄድን ትዝ የሚለን ሻንጣ መጎተት ብቻ ነው። እኔም ብሆን እረፍቴ ሁሉ ያለቀው ጅማ መጥቼ ነው፤ ከተማ ከከተማ በባቡር መዞር ለእኔም የመጀመሪያዬ ነው። ስለዚህ ሰረዝኩ። ሮም አራት ሌሊት፣ ፍሎረንስ ሦስት፣ ቬኒስ ሁለት። ሚላኖ የምናድረው አውሮፕላን ለመያዝ ብቻ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሮምም ሚላኖም ስለሚበር አንተ በሮም ገብተህ በሚላኖ ትወጣለህ። መንገዱ ወደ ላይ ብቻ ይሄዳል፣ ወደ ኋላ አንመለስም። እኔ ከሙኒክ በሌሊት ባቡር ቀድሜህ ሮም እገባና አውሮፕላን ማረፊያ እጠብቅሃለሁ።

መቼ ላልከው፣ ከፋሲካ በኋላ ነው። ለቀማው አልቆ፣ ቡናው ተሸጦ፣ ፋሲካን ቤትህ ውለህ ትመጣለህ። በዓለ ሃምሳ ስለሆነ ረቡዕና ዓርብም አይጾምም፤ ሬስቶራንት በገባን ቁጥር ውስጡ ቅቤ አለው የለውም እያልን አንጨነቅም። ሙቀቱም ገና ነው። ከሚያዝያ 17 እስከ 23 ያለውን ሳምንት ግን ሆን ብዬ ዘልዬዋለሁ። በፈረንጅ ኤፕሪል 25 ጣሊያኖች ከፋሺስት ነፃ የወጡበትን ቀን ያከብራሉ፣ ሜይ 1 ደግሞ የሠራተኞች ቀን ነው። ባቡሩም ሆቴሉም ይጨናነቃል። እኛ ከዚያ በኋላ እንገባለን።

እንዲህ ሳሰላው ምን ሆነ መሰለህ? ሚያዝያ 27 ሮም ላይ ነን! ጣሊያን በ1928 አዲስ አበባ የገባበት፣ ልክ በአምስት ዓመቱ ንጉሡም የገቡበት ቀን። አንተ በየዓመቱ ሬዲዮኑን ከፍ አድርገህ የምትሰማበትን ቀን ሮም ነው የምንውለው። ይህን ሳይ ናፖሊን ለመሰረዝ አላመነታሁም።

ያን ቀን የምንሄድበትን ነግሬህ ልጨርስ። ማዕከላዊው ባቡር ጣቢያ ተርሚኒ ይባላል። ፊት ለፊቱ ያለው አደባባይ «የአምስት መቶዎቹ» የሚባለው በዶጋሊ ለሞቱት ወታደሮች መታሰቢያ ነው። አዎ፣ ራስ አሉላ በ1879 የደመሰሷቸው። ከዚያ ጥቂት ደቂቃ በእግር ሲሄዱ የዶጋሊ ሐውልት አለ። ለገሃር ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ያለውን የይሁዳ አንበሳ በወረራው ጊዜ ነቅለው ያቆሙት እዚያ ነበር። ዘርዓይ ደረስ ጎራዴውን የመዘዘው እዚያ ነው። አንበሳው በ1960ዎቹ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ተመልሷል፤ ሐውልታቸው ግን እዚያው አለ።

ከተርሚኒ በከተማ ባቡር ሦስተኛው ፌርማታ ላይ እንወርዳለን። ቦታው ፖርታ ካፔና ነው። የአክሱም ሐውልት በ1929 ተወስዶ እስከ 1996 ድረስ ቆሞ የነበረው እዚህ አካባቢ ነው። አሁን በቦታው ሁለት አምዶች ቆመዋል፣ በኒውዮርኩ የመስከረም ጥቃት ለሞቱት መታሰቢያ። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ማታ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሐውልቱ ጋ ሲደርስ ነው ሞሮኮዊውን ራዲን ጥሎት የሄደው። ወታደሮች ችቦ ይዘው መንገዱን ያበሩ ነበር። ከዚያ እስከ ቆስጠንጢኖስ ቅስት ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ጨረሰ። ይህን መቼም ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ። እኔ የምጨምርልህ መንገዱን ነው፤ ቀጥ ያለ ነው፣ ግራና ቀኙ ዛፍ ነው፣ ርቀቱም ከአንድ ኪሎ ሜትር ያነሰ ነው። ባለፈው ጅሬን አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ስንወጣ የነበረው ዓይነት ዳገት የለበትም። እያረፍን እንሄደዋለን፤ ሰዓት የሚይዝብን የለም።

ወደ ባቡሩ ልምጣ። አንተ ባቡር ስትል የምታውቀው ከለገሃር ድሬዳዋ የሄድክበትን ሊጥሪና ነው። በየጣቢያው ሲቆም ብርቱካን በመስኮት ሲገባ፣ አዋሽ ላይ ወርደህ ሻይ ስትጠጣ። ይህ እንደዚያ አይደለም። መስኮቱ አይከፈትም፣ ሻጭ አይመጣም፣ ወንበርህ ቁጥር አለው። በሰዓት እስከ 300 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው አይደል? ጊቤን ወርደህ፣ ወጥተህ፣ ወልቂጤ ምሳ በልተህ ቀኑ ያልቃል። ሮምና ሚላኖ ከዚያ ይራራቃሉ፤ ፈጣኑ ባቡር ግን ሦስት ሰዓት አካባቢ ነው የሚፈጅበት። እኛ ግን እየቆረጥን ነው የምንሄደው፤ ሮም ፍሎረንስ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ፍሎረንስ ቬኒስ ሁለት ሰዓት ከሩብ አካባቢ፣ ቬኒስ ሚላኖ ሁለት ሰዓት ተኩል።

አንድ የምሰጋበት ነገር ሰዓቱ ነው። ትኬቱ ላይ 15:20 ካየህ በኛ 9 ሰዓት ከ20 ነው። 10:35 ካለ 4 ሰዓት ከ35። የእጅ ሰዓትህን ደግሞ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ መልሳት፣ ጣሊያን በዚያ ወቅት ከኛ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ነው። ባቡሩ አይጠብቅም። በሩ እንዲያውም ከመነሻው ሰዓት ትንሽ ቀደም ብሎ ይዘጋል። ስንት ቁጥር ሐዲድ ላይ እንደሚቆም የሚጻፈው ትልቁ ሰሌዳ ላይ ነው፣ አንዳንዴ ሊነሳ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው። ሕዝቡ ሁሉ አንገቱን አቅንቶ ይቆምና ቁጥሩ ሲወጣ ይሮጣል። እኛ አንሮጥም። በየትልልቁ ጣቢያ «ሳላ ብሉ» የሚባል ቢሮ አለ፤ መራመድ ለሚቸገር ሰው በነፃ ባቡሩ ድረስ ይወስዳሉ፣ ያሳፍራሉ። ቀድሞ ማስመዝገብ ብቻ ነው። «እኔ ሽማግሌ ነኝ እንዴ?» እንደምትል አውቃለሁ። አስመዘግብሃለሁ፣ ካላስፈለገህ ትተወዋለህ።

ቬኒስ ላይ ሁለት ጣቢያ ስላለ እንዳትነሳ። መጀመሪያ ሜስትሬ ላይ ይቆማል፣ ግማሹ ሰው ይወርዳል። እኛ እንቀመጣለን። ከዚያ ባቡሩ ባሕሩ ላይ በተዘረጋው ድልድይ ይሄዳል፣ ግራና ቀኝህ ውሃ ነው። የመጨረሻዋ ሳንታ ሉቺያ ናት። ከበሩ ስትወጣ ፊት ለፊትህ ታክሲ የለም፣ ባጃጅ የለም፣ ጀልባ ነው። ችግሩ ድልድዮቹ ናቸው፤ አብዛኞቹ ደረጃ አላቸው። ለጉልበትህ ስል ድልድይ ሳንሻገር የምንደርስበት ሆቴል ጣቢያው አጠገብ ይዣለሁ። ዋጋው ትንሽ ወደድ ይላል፣ እሱን ለእኔ ተወው። ቅዱስ ማርቆስን በጀልባ ሄደን እናያለን፤ አንድ ቁጥር ጀልባ በየፌርማታው እየቆመች ቀስ ብላ ስለምትሄድ ከተማውን ተቀምጠህ ታየዋለህ።

ፍሎረንስን ብዙም አልተነትንልህም። መነኮሳቶቻችን እንደ ፈረንጅ በ1441 ከኢየሩሳሌም ተነስተው ጉባኤ የመጡበት ከተማ ነው። አንዱን ቀን ባዶ ትቼዋለሁ። ጉልበትህ ደህና ካደረ በዝግታው ባቡር ፒሳ ሄደን ያንን የተጋደመ ግንብ እናያለን፣ አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው። የዝግታው ባቡር ዋጋው አይለዋወጥም፣ ወንበር ማስያዝም የለበትም፣ ጠዋት ተነስተን መወሰን እንችላለን። የወረቀት ትኬት ከገዛን ግን ሳንሳፈር ማሽኑ ላይ ማስመታት አለብን፣ አለዚያ ቅጣት አለ።

የፈጣኑ ባቡር ትኬት ደግሞ እንደ አውሮፕላን ነው፣ ቀድሞ ለገዛ ይረክሳል። «ታዲያ አሁን ግዢው» እንዳትለኝ። ርካሹ ትኬት አይመለስም፣ ቪዛህ ደግሞ ገና ነው። ሆቴሎቹን በነፃ የሚሰረዙትን ነው የያዝኩት፤ ትኬቱን ቪዛው በወጣ ማግስት እገዛለሁ። ትንሽ ቢጨምርም ከምናጣው ይሻላል። የሥራ ማቆም አድማ ከተጠራም ቀድሞ ይነገራል፣ በሥራ ቀን ጠዋት ከ12 እስከ 3፣ ማታም ከ12 እስከ 3 በኛ ሰዓት የሚሠሩ የዝግታው ባቡሮች አይቀሩም።

ለቪዛው አዲስ አበባ ድረስ መምጣትህ አይቀርም፣ አሻራ ራስህ ነህ የምትሰጠው። ማመልከት የሚቻለው ከጉዞው ስድስት ወር ጀምሮ ነው፣ ለቀማው እንዳለቀ ብትመጣ በቂ ጊዜ አለን። የጡረታ ደብተርህን፣ የባንክ ደብተርህን፣ የቡና መሬቱን የይዞታ ማረጋገጫ አዘጋጅ። ተመልሶ የሚመጣበት ቤትና ንብረት ያለው ሰው መሆንህን ማየት ይፈልጋሉ። 30 ሺህ ዩሮ የሚሸፍነውን የጉዞ ኢንሹራንስ እኔ እገዛለሁ።

ሻንጣ አንድ፣ ትንሽ፣ ጎማ ያለው። ተሸካሚ የለም፣ ባቡሩም ደረጃ አለው። እማዬ ቅቤ እንዳትቋጥርልህ፣ ሥጋና የወተት ነገር አያስገቡም፣ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ይጥሉታል። ማር እስከ ሁለት ኪሎ ይፈቀዳል። ቡና ግን አምጣ፣ የተቆላ። እዚያ ቡና የሚጠጣው ባንኮኒ ላይ ተደግፎ ነው፣ ቁጭ ካልክ ዋጋው ይጨምራል። የጅማ ሰው ሦስተኛ ሳይል ቆሞ ጠጥቶ ሲወጣ ማየት እፈልጋለሁ። ጋቢህንም ያዝ፣ ባቡሩ ውስጥ ማቀዝቀዣው ይበረታል።

አሁን ከአንተ የምፈልገው ፓስፖርትህን ነው። ከተመለስክ በኋላም ቢያንስ ሦስት ወር የሚያገለግል መሆን አለበት። እህቴ ፎቶ ያለበትን ገጽ አንስታ ዛሬውኑ ትላክልኝ። ማብቂያው ቀርቦ ከሆነ ማሳደሱ ጊዜ ስለሚወስድ አሁኑኑ እንጀምር።

ለእማዬ፣ ለእህቴ፣ ለጎረቤቱ ሁሉ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

ልጅህ
ከሙኒክ