እምዬ፣ ስለ ሕክምናዬ ለጠየቅሽኝ

እምዬ፣ እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ይህን ደብዳቤ እኅቴ ታንብብልሽ። ጎረቤት ቡና ላይ ተሰብስቦ እያለ ግን አይሁን።

ባለፈው «ምን ጎድሎህ ነው የአእምሮ ሐኪም ቤት የምትመላለሰው? ሰውስ ምን ይላል?» ስትይኝ ባጃጅ ውስጥ ነበርኩ። እንደ ነገሩ መልሼልሽ ዘጋሁት። አሁን ተረጋግቼ ልንገርሽ።

አላበድኩም። ሥራዬን እየሠራሁ ነው። እንቅልፍ እምቢ እንዳለኝ፣ በሆነ ባልሆነው ሆድ እንደሚብሰኝ ግን ለፋሲካ ስመጣ አንቺም አይተሻል። ሐኪም ዘንድ ብሄድ ወደዚህ ሕክምና መራኝ። ስሙ ረጅም ነው፤ ሳይኮዳይናሚክ ሳይኮቴራፒ ይሉታል። መርፌ የለው፣ ክኒን የለው፣ ንግግር ነው። መድኃኒት የሚያስፈልገው ሰው ጎን ለጎን ይወስዳል፤ እኔ አላስፈለገኝም። ጠበሉንም አልተውኩም። አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

በየሳምንቱ ማክሰኞ፣ በዚያው ሰዓት፣ እዚያው ክፍል እገባለሁ። 50 ደቂቃ ነው። ወሬው ሞቀ ተብሎ አይራዘምም። የመጀመሪያዎቹ ቀጠሮዎች መተያያ ናቸው። የሚያክመኝ ሐኪም ሕክምናው ይስማማኝ እንደሆነ ያያል፣ እኔም እሱን አያለሁ። ከዚያ በኋላ የመጣልህን ሁሉ ተናገር ነው። ያሳፍራል፣ ትንሽ ነገር ነው፣ ከዚህ ጋር አይሄድም ብለህ አትምረጥ ይላል። ቀላል ይመስላል አይደል? ሆድ ይፍጀው እየተባለ ላደገ የጎጃም ልጅ ግን ከባድ ነው። ዝም ብዬ ግድግዳ ሳይ የወጣሁበት ቀን አለ። እሱም አብሮኝ ዝም አለ።

«ታዲያ ከንስሐ አባትህ በምን ይለያል?» ማለትሽ አይቀርም። አባ ኃጢአት ይሰማሉ፣ ቀኖና ይሰጣሉ፣ ይፈታሉ። ይህ ሰው ቀኖና የለው፣ ምክር የለው። አንድ ቀን ላግባ ወይስ ልቆይ ብዬ ብጠይቀው «ምኑ ነው የሚያስፈራህ?» አለኝ። ለዚህ ነው ብር የምከፍለው ብዬ በግኜ ወጣሁ። መንገድ ላይ ግን ጥያቄው አልለቀቀኝም። ገመናችን ይወጣል ብለሽም አትስጊ። ራሴን ወይም ሌላ ሰው ልጎዳ ነው የሚል ስጋት ካልመጣ በስተቀር ምስጢር ይጠብቃል።

ሕልምም ይሰማል። ይቺ እንኳን ደስ ትልሻለች። ግን እንዳንቺ አይፈታም። አንቺ ጥርስ ወለቀ ካሉሽ ዘመድ ይሞታል ትያለሽ። እሱ «ይህ ጥርስ ምን አስታወሰህ?» ብሎ መልሶ ወደ እኔ ይወረውረዋል።

ደግሞ ትናንት የመጣ ነገር አይደለም። ፍሮይድ የሚባል ሐኪም ቪየና ላይ ከባልደረባው ከብሮየር ጋር ሆኖ ስለዚህ ዓይነቱ የንግግር ሕክምና የመጀመሪያውን መጽሐፍ ያወጣው በ1887 ዓ.ም. ነው። ከአድዋ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጎጃምን ሲገዙ ማለት ነው። ያኔ በሽተኛው ተጋድሞ፣ በሳምንት ብዙ ቀን ነበር የሚታከመው። እኔ ወንበር ላይ ፊት ለፊት ነው የምቀመጠው።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። ሐኪሜ ክረምት ላይ ለሦስት ሳምንት እረፍት እንደሚወጣ ነገረኝ። ቀደም አድርጎ ነው የነገረኝ። «መልካም እረፍት» አልኩት። ሲመለስ ግን የማወራው ጠፋኝ። በቀጣዩ ሳምንት አርፍጄ ገባሁ። «በመሄዴ የተቆጣህብኝ ይመስለኛል» አለ። ሳቅኩ። ሰው ሐኪሙን ለምን እረፍት ወጣህ ብሎ ይቆጣል?

ከዚያ ቢቸና መጣችብኝ። ለትምህርት የተከራያችሁልኝ ያች ጠባብ ክፍል። በገበያ ቀን በሶውንና ድርቆሹን አራግፈሽ፣ ጸጉሬን ዳብሰሽ፣ አህያዋን ነድተሽ ትሄጃለሽ። «ወንድ ልጅ አያለቅስም» ስላልሽኝ አላለቅስም። በሚቀጥለው ገበያ ስትመጪ ግን አኮርፍሻለሁ። ትዝ ይልሻል? እምዬ፣ ያንኑ ኩርፊያ ነው ለሐኪሙ የሰጠሁት። ለአለቃዬም፣ ለሴት ጓደኛዬም ስሰጥ የኖርኩት እሱን ነው። ሕክምናው የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። የድሮው ነገር እዚያው ክፍል ውስጥ በእኔና በእሱ መካከል ተመልሶ ይመጣል፣ ያኔ ሁለታችንም እናየዋለን።

«እዚያ ሄደህ እኔን ልትከሰኝ ነው» ያልሽው ከልቤ አልወጣም። አልዋሽሽም፣ ስምሽ ይነሳል። የተናደድኩብሽ ቀንም ነበር። ግን እዚያ ዳኛ የለም። የቀዬአችን ትምህርት ቤት አራተኛ ክፍል ላይ እንደሚያልቅ፣ ወደሽ እንዳልላክሽኝም አውቃለሁ። ያም እውነት ነው፤ ልጁ የከፋውም እውነት ነው። አንዱን ለማመን ሌላውን መካድ የለብኝም።

መጀመሪያ አካባቢ ብሶብኝ ነበር። ያልተነካ ነገር ሲነካ እንዲህ ያደርጋል። በጥቂት ወራት የሚያልቅ አለ፣ ዓመትና ከዚያ በላይ የሚሄድም አለ። የእኔ ሳይረዝም አይቀርም። ማብቂያውም ድንገት አይደለም፤ ቀኑ ቀድሞ ተቆርጦ ስለ መለያየቱ ራሱ ይወራል። እንቅልፌ መመለስ ጀምሯል። ኩርፊያው ገና ነው።

ማክሰኞ ከ11 ሰዓት በኋላ አትደውይልኝ። ከዚያ ስወጣ ጣና ዳር ትንሽ ካልተራመድኩ ሰው ማናገር አልችልም። ረቡዕ እኔው እደውላለሁ። ለገና ስመጣ ደግሞ አንድ ነገር ትነግሪኛለሽ፤ ያኔ እኔን ትተሽ ስትመለሺ ያን ሁሉ መንገድ ምን እያሰብሽ ትሄጂ ነበር? ሐኪሙ ጠይቅ ብሎኝ አይደለም። በርበሬው አልቋል፣ ሰው ከመጣ ላኪልኝ።

ልጅሽ