ፎቶው ላይ ያለው ንስር ሳይሆን ጭላት ነው

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍሉ አባላት፣

ሰሞኑን «ብርቅዬ ንስር ታየ» ብላችሁ ያወጣችሁትን ፎቶ አይቼ ዝም ማለት አቃተኝ። ወፉ ጫጩት የሚነጥቀው ጭላት ነው። ጅራቱን እዩት፤ መሐሉ ገባ ብሎ ዳርና ዳሩ ሾሏል፤ ንስር እንዲህ ያለ ጅራት የለውም። ፎቶውን ያነሳውን ሰው ግን አልወቅስም። ጭላት ጅራቱን እንደ ማራገቢያ ሲዘረጋው መሐሉ ያለው ክፍተት ስለሚጠፋ፣ ስንት ዓመት ወፍ ያየ ሰውም ይሳሳታል።

ደግሞም ወቅቱ ለስህተት የተመቸ ነው። ወደ ሰሜን ከሚሰደዱት ንስሮች አዋቂዎቹ ጎጇቸው ላይ ለመድረስ ስለሚቸኩሉ ቀድመው ያልፋሉ። በሚያዝያና በግንቦት ሰማይ ላይ የምናያቸው በአብዛኛው ገና ለመራባት ያልደረሱት ናቸው፤ ላባቸው በፀሐይ የነጣ፣ ጫፉ የተበላ፣ አንዳንዱም ረግፎ ሌላው ያልበቀለለት። በመጽሐፍ ላይ የተሳለውን ወፍ አይመስሉም። ለምሳሌ የስቴፕ ንስርን ውሰዱ። የሚራባው በካዛክስታን፣ በሩሲያና በሞንጎሊያ ሜዳዎች ሲሆን፣ በአፍሪካ ከርሞ በፀደይ በግብጽ ስዊዝና በእስራኤል ኤላት ሰማይ በኩል ይመለሳል። ወጣቱ ክንፉ ሥር ሰፊ ነጭ መስመር አለው፤ ይኼ ዋና መለያው ነው። ፀደይ ሊያልቅ ሲል ግን መስመሩ ይሳሳል፣ ይቆራረጣል፤ ያኔ «ቶኒ» ከሚባለው ከማይሰደደው ዘመዱ ጋር ይምታታል።

እኔም በዚሁ ተሳስቻለሁ። አንድ ማለዳ አንዱን ንስር ቶኒ ነው ብዬ ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩ። ወዲያው በደረቀ ዛፍ ላይ አረፈና አንገቱን ወደ እኔ አዞረ። በባይኖኩላር ሳየው የአፉ ቢጫ ዳር ከመንቆሩ ሥር ተነስቶ ከዓይኑ በስተኋላ ድረስ ተዘርግቷል። በቶኒ ላይ ይኼ መስመር ከዓይን መሐል አያልፍም። የጻፍኩትን ሰርዤ የስቴፕ ንስር አልኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ያየሁትን ምልክት ሳልጽፍ ስሙን አልጽፍም።

ልዩነቱ የስም ብቻ አይደለም። የስቴፕ ንስር እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት መዝገብ ለመጥፋት የተቃረበ ተብሎ ተመድቧል። ከሚገድሉት ነገሮች አንዱ ኤሌክትሪክ ነው፤ ምሰሶ ላይ ሲያርፍ ይይዘዋል። ስንቱ እንደቀረ የሚታወቀው በመቁጠር ስለሆነ፣ ጭላት ንስር ተብሎ ሲመዘገብ የሌለ ወፍ እንዳለ ይቆጠራል። የግብጽ ጥንብ አንሳም ላይ ይኼው ይደርሳል። አዋቂው ነጭ ስለሆነ ሁሉም ያውቀዋል፤ ቡኒውን ወጣት ግን ሰው ለሌላ ጥንብ አንሳ ይሰጠዋል፤ የሾለውን ጅራቱን ልብ የሚለው ጥቂት ነው። አልፎ አልፎ ደግሞ ጥቂት ነጭ ላባ የበቀለበት ተራ ቁራ አዲስ ዝርያ ተብሎ ይወራለታል።

ልመናዬ ይህ ነው። ፎቶ ሲላክላችሁ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውን ጠይቁ። አንድ ያማረ ፎቶ ብቻ አትቀበሉ፤ የደበዘዙትንም፣ ክንፉን ከሥር የሚያሳዩትንም አስልኩ፤ ብዙ ጊዜ ወፉን የሚለዩት እነሱ ናቸው። ኢበርድ የተባለው የወፍ መመዝገቢያ እንኳ ያልተለመደ ወፍ ሲመዘገብ ማስረጃ ይጠይቃል፤ ገምጋሚዎችም አሉት። ርግጠኛ ካልሆናችሁ «ንስር ሳይሆን አይቀርም» ብላችሁ ጻፉ፤ አንባቢ አይከፋም። ብርቅዬው ወፍ ጎጆ ላይ ከሆነ ደግሞ ቦታውን ፈጽሞ አትጻፉ።

ያንን የጭላት ፎቶም በእርማት መልሳችሁ አውጡት፤ ጅራቱን አጉልታችሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ