ጂም ዴቭሊንስ?

ለአዘጋጁ፦

የአሜሪካው ትልቁ የቤዝቦል ሊግ፣ ሜጀር ሊግ ቤዝቦል፣ በ2025 በሕይወት የሌሉ 17 ሰዎችን ከዕድሜ ልክ እገዳ ነፃ ማድረጉን የዘገባችሁትን አነበብኩ። ከቁማር ጋር በተያያዘ ስለታገዱት ተጫዋቾች፣ ስለ ፒት ሮዝና ስለ ጆ ጃክሰን፣ ጥሩ ጽፋችኋል። ከእነሱ በፊት የተቀጣውን ጂም ዴቭሊንን ግን ዘለላችሁት። ሊጉም ከ17ቱ ውስጥ አላስገባውም። (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ዴቭሊን የሉዊስቪል ግሬይስ ክለብ ኳስ ወርዋሪ ነበር። በ1877 የክለቡን የሊግ ጨዋታዎች በሙሉ፣ 559 ኢኒንግ (የጨዋታ ዙር)፣ ብቻውን ወረወረ። ያኔ ክንድን ዝቅ አድርጎ ነው የሚወረወረው፤ ቢሆንም ቀልድ አይደለም።

ነሐሴ ላይ ሉዊስቪል ሊጉን ይመራ ነበር። ከቦስተንና ከሃርትፎርድ ክለቦች ጋር ሲጫወት ግን ሽንፈት በሽንፈት ሆነ፤ ቦስተን ሻምፒዮን ሆነ። ክለቡ የተጫዋቾቹን ቴሌግራም ሲያስመረምር ጉዱ ወጣ። መልእክቱ ውስጥ «ሳሽ»፣ መቀነት የምትል ቃል ካለች ጨዋታው ለቁማርተኞች ተሸጧል፣ ሆን ተብሎ ይሸነፋሉ ማለት ነው። ዴቭሊንና የቡድን ጓደኛው ጆርጅ ሆል ገንዘብ መቀበላቸውን አመኑ። ሌላው ተጫዋች አል ኒኮልስም ተጨመረ። አራተኛው ተጫዋች ቢል ክሬቨር ደግሞ ቴሌግራሜን አላሳይም ብሎ አብሮ ተባረረ። አራቱም ዕድሜ ልክ።

ጥፋቱን አላስተባብልም። ግን ክለቡ የተጫዋቾቹን ደሞዝ በወቅቱ አይከፍልም ነበር። ለዚህ የተቀጣ የለም።

በየካቲት 1878 ዴቭሊን ለቦስተኑ አሰልጣኝ ለሃሪ ራይት ደብዳቤ ጻፈ። ብርዱን ሙሉ ከእጅ ወደ አፍ እንደሚኖር፣ እሱም ሚስቱና ልጁም የሚለብሱት እንዳጡ ነገረው። መጫወቱ ቢቀር ሜዳውን ልንከባከብ፣ ብቻ ሥራ ስጠኝ አለ። ቺካጎ ሄዶም የሊጉን ፕሬዚዳንት ዊሊያም ሀልበርትን ለመነ። አይቻለሁ ያለው የቺካጎ ክለብ ሰው አል ስፖልዲንግ እንደተናገረው፣ ሀልበርት 50 ዶላር አውጥቶ ሰጠው፤ እገዳውን ግን አላነሳለትም። ለሰውየው አዘነ፣ ለተጫዋቹ በሩን ዘጋ። እኔ ሀልበርት ላይም መፍረድ ያቅተኛል።

ዴቭሊን በመጨረሻ ፊላደልፊያ ውስጥ ፖሊስ ሆነ። ቁማርተኛ ሲይዝ ምን ይሰማው እንደነበር እንጃ! በ1883 በሳንባ ነቀርሳ ሲሞት 34 ዓመቱ ነበር።

ሊጉ ለሞቱት ምሕረት ማድረግ ከጀመረ አይቀር ይህንንም ሰው ያስብ። እናንተም ስለ 1877 ስትጽፉ የደሞዙን ነገር አትዝለሉት።

አንባቢያችሁ